«ትንሽ አሟቸዋል» የተባልሁ ዕለት

ይህ ነገር የደረሰብኝ ዘንድሮ ኅዳር ላይ ነው፤ ዳጉሳው ታጭዶ ጤፉ በሚከመርበት ሰሞን። በዕድሜዬ ክፉ ቀን አጥቼ አላውቅም። ድርቅ አይቻለሁ፤ ልጅ ቀብሬያለሁ። የኅዳሩ ቀን ግን ከሁሉም ተለይቶ ከልቤ አልወጣ አለ። ሚስቴ ሳትሞት ሞታብኝ፣ ከረፋድ እስከ ተሲያት ያለ እሷ ኖሬያለሁና ነው።

የጽሑፍ ሰው አይደለሁም። ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ እጄም የለመደው ሞፈር ነው። የልጅ ልጄ «እኔ ልጻፍልዎ» ብላኝ ነበር፤ እንቢ አልሁ። የራሴን ነገር ራሴ ነው የምጽፍ። የተጣመመ ፊደል ካለ አቃንታችሁ አንብቡት።

ቤታችን ከማንኩሳ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው። መኪና አይደርስም። የምንኖረው ሦስት ነን፤ እኔ፣ ሚስቴ አንጓችና የልጃችን ልጅ እታገኝ። የእታገኝ እናት ፍኖተ ሰላም ከተማ፣ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ትሠራለች፤ ልጅቱን ያሳደግናት እኛ ነን። አራተኛ ክፍል ናት። ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ከርሞ ገና መከፈቱ ነበርና፣ መምህሯም ልጆቹም ትምህርት የራባቸው ሰዎች ይመስሉ ነበር።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መጥታ ቦርሳዋን ሳታወርድ «አባባ፣ ግነት ይንገሩኝ» አለችኝ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ነገርን ከመጠኑ በላይ አግዝፎ መናገር ነው። መምህራችን ከሽማግሌ ጠይቃችሁ ይዛችሁ ኑ ብላናለች።»

«እንግዲያ ውሸት አስተማረቻችሁ በይኛ።»

«አይደለም። ውሸታም ሰው እንዲያምነው ይፈልጋል። የሚያጋንን ግን እንደማይታመን እያወቀ ነው የሚናገር። ልቡ እንዲታወቅለት ብቻ ነው። ለመለየትም ቀላል ነው፤ ‘ይህ ነገር ሊሆን ይችላል ወይ?’ ብሎ መጠየቅ ነው። ሊሆን ካልቻለ፣ የተናገረውም ሰው እንደማይሆን ካወቀ፣ ግነት ነው።»

«ልቡ እንዲታወቅለት ከፈለገ ልቡን አይናገርም? ምን ያዞረዋል?» አልኋት።

አንጓች እህል እያበጠረች ኖሮ ከወዲያ ሳቀች። «ያኔ ስትጠይቀኝ ያልኸውን ንገራት እንጂ። ‘አንቺን ካጣሁ የጎጃም ውሃ ሁሉ ይደርቃል’ ብሎኛል አያትሽ። እኔ ደግሞ ሞኝ ነኝ፤ ለከብቱ አዝኜ አገባሁት።»

ልጅቱ ወዲያው ጻፈችው። እኔም ከተያዝሁ አይቀር ብዬ ጨመርሁላት። የቤታችን ቁንጫ በግ ይጎትታል አልኋት። የአያትሽ በርበሬ ገና ሳይወቀጥ ጎረቤት ያስነጥሳል አልኋት። በማግስቱ መምህሯ ክፍሉን ሁሉ አስጨብጭባላታለች።

ከዚያ ወዲያ ቤታችን ሰላም አጣ። ልጅቱ ያለ ግነት ውሃ አትጠይቅም። «ጥሜ አንድ ወንዝ ጠጥቶ ሌላ ይፈልጋል» ትላለች። ወይፈኑ ሲያገሳ «ፍኖተ ሰላም ያለ መስኮት ሁሉ ረገፈ» ትላለች። አንጓች በሳቅ ትሞታለች። እኔም መጀመሪያ ላይ ስቄያለሁ፤ አልዋሽም።

ነገሩ የተበላሸው ጎረቤታችን ደሴ ቤት ምሳ ተጠርተን በሄድን ጊዜ ነው። የደሴ ሚስት «ወጡ እንዴት ነው ልጄ?» ብትላት፣ «ጨውዎ የጎጃምን ከብት ሁሉ ያጠግባል» ብላ መለሰችላት። ሴትዮዋ ተቀየመች። አንጓች ሄዳ እስክታስታርቅ ድረስ እሳት እንኳ አልተለዋወጥንም።

እኔም ልጅቱን ጠርቼ ቁርጡን ነገርኋት። «ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት ነገር ተቀንሶ እንጂ ተጨምሮ አይወራም። ብዙውን ትንሽ በይ። ገባሽ?»

«ገባኝ አባባ» አለች። አንገቷን ደፋች።

ኅዳር ውስጥ በአንዱ የገበያ ቀን ከደሴ ጋር ወይፈን ልንሸጥ ወደ ቡሬ ወጣን። አንጓች ጠዋት ሆዷን ይዛ በር ላይ ቆማ ነበር። «ሆዴ ውስጥ ምላጭ የሚፈጭ ሰው አለ» አለችኝ። እኔ ወይፈኑ ገመድ በጥሶብኝ ስታገል «አንቺም እንደ ልጅቱ ጀመርሽ» አልኋት። «ሂድ እንግዲህ፤ ጨው አትርሳ» አለች። ብርድ መስሎኝ ወጣሁ። ስልኬን እንደ ልማዴ ለእሷ ትቼላት ነበር።

ቡሬ ገበያ ገብተን ወይፈኑን ለማየት ሰዎች ቆመው ጥርሱን እየገለጡ ሳለ የደሴ ስልክ ጮኸ። አነሣና «ለአንተ ነው፣ እታገኝ ናት... ለእርስዎ ነው» ብሎ ሰጠኝ። ደሴ ሲደነግጥ አንተና አንቱ ይምታታበታል፤ ገና ምንም ሳይሰማ ለምን እንደ ደነገጠ አላውቅም።

«አባባ» አለች፤ ታለከልካለች። ኔትወርክ የሚይዘው ከቤታችን በላይ ካለው ጉብታ ላይ ስለሆነ ሮጣ መውጣቷ ነው። «እማማን ትንሽ አሟቸዋል። ቶሎ ይምጡ።»

«ምን ያህል?»

«ትንሽ ነው። ትንሽ ብቻ ነው። ይምጡ።»

ስልኩ ተቋረጠ። መልሰን ብንደውል አይሠራም።

ይህን የሚያነብ የአገሬ ሰው እኔ የሰማሁትን ይሰማል። በእኛ ዘንድ ሞት በስልክ አይነገርም። ሩቅ ያለ ሰው የሚጠራው «ትንሽ አሞታልና ና» ተብሎ ነው። ትንሹ ልጃችን የሞተ ጊዜ እኔ ፈረስ ቤት ከተማ ነበርሁ፤ «ትንሽ ራሱን አሞት ነው» ተብዬ ነው የመጣሁ። እንኳን ራሱን ሊያመው፣ በደረስሁበት ሰዓት መቃብሩ ተቆፍሮ አልቆ ነበር። ያን ጊዜ የተማርሁትን ነገር እስከ ዛሬ አልረሳሁም። በጣም አሞታል ከተባልህ ሰውየው አለ። ትንሽ ከተባልህ ግን የለም።

ደሴ ፊቴን አይቶ ስልኩን ከእጄ ወሰደ። ባርኔጣውን አወለቀ።

«አያ መንግሥቴ፣ ይቀመጡ» አለኝ።

«አልቀመጥም።»

«ግዴለም፣ ይቀመጡ።»

«ለምን እቀመጣለሁ? ትንሽ ነው ያመማት ተብያለሁ» አልሁት። ግን እንኳን እሱ እኔም ድምፄን አላመንሁትም። ወይፈኑን ሲያዩ የነበሩት ሰዎች ገመዱን ለቀቁ። አንዱ ሽማግሌ ጋቢውን አዙሮ ለበሰ። ሽንኩርት የምትሸጥ ሴትዮ ከመደቧ ተነሥታ መጥታ አጠገቤ ቆመች። ማን እንደ ሞተብኝ አታውቅም፤ ብቻ ቆመች። አንድም ሰው ምን ሆነሃል ብሎ አልጠየቀኝም። ሁሉም አውቆታል።

ደሴ ራቅ ብሎ ደጋግሞ ደወለ። በመጨረሻ የዕድራችንን ዳኛ አገኘው። ነፋሱ ወደ እኔ ነበርና ሰማሁት። «አንጓች አርፋለች አሉ። አያ መንግሥቴ ቡሬ ነው ያለ። እሱ ሳይደርስ አፈር እንዳታለብሷት።»

የሚስቴ ሞት በሰው አፍ ሲነገር በጆሮዬ ሰማሁ። እስከዚያች ቃል ድረስ ውስጤ የሆነ ቀጭን ነገር ይዞኝ ነበር። እሱም ተበጠሰ።

ወይፈኑን ለአንድ የማውቀው የቡሬ ሰው ትተን ወደ መኪና ተራ ሄድን። መኪና የለም። በዚያ ሰሞን መንገዱ ዛሬ ክፍት ነገ ዝግ ነበር፤ ያን ዕለት ከዚያ የሚነቃነቅ ጎማ አልነበረም። «እስኪከፈት እንጠብቅ» አለ ደሴ። እኔ በእግሬ ጀመርሁ። ተከተለኝ።

ያን መንገድ እንዴት እንደሄድሁት አሁን ብጠየቅ አላውቀውም። አስፋልቱ ላይ ሰው የለም። ግራና ቀኝ ሰው ጤፍ ያጭዳል፤ ልጆች በቆሎ አገዳ ይጎትታሉ። አንዱ አጫጅ ቀና ብሎ «እንዴት ዋላችሁ» አለን። ደሴ በእጁ ምልክት ሰጠው። ሰውየው ማጭዱን አስቀምጦ አንገቱን ደፋ፤ እስክናልፈው ቀና አላለም።

ያችን ጠዋት ነበር የማስበው። ሆዴ ውስጥ ምላጭ የሚፈጭ ሰው አለ አለች። እኔ ምን አልኋት? ልጅቱ እንዳስተማረችኝ ብጠይቅ ኖሮ፣ በሆድ ውስጥ ምላጭ አይፈጭም፤ ስለዚህ ሴትዮዋ ልቧን እየነገረችኝ ነው እል ነበር። እኔ ግን አልጠየቅሁም። ወይፈን እጎትት ነበር።

መንገዱን የሚያቋርጥ አንድ ወንዝ አለ። ድልድዩ ላይ ስንደርስ ቆምሁ። ውሃው እንደ ወትሮው ይወርዳል። ሴቶች ልብስ ያጥባሉ፤ አንዲት ላም ትጠጣለች። አንቺን ካጣሁ የጎጃም ውሃ ሁሉ ይደርቃል ያልሁት እኔ ነኝ። ይኸው አጣኋት፤ ውሃው ግን አንድ ጭልፋ እንኳ አልጎደለም። ያን ጊዜ በውሃው ተናደድሁ። ድንጋይ አንሥቼ ወረወርሁበት። ደሴ ክንዴን ያዘኝ።

«ያልቅሱ አያ መንግሥቴ፤ ይወጣልዎታል።»

«አላለቅስም። ፊቷን ሳላይ አላለቅስም።»

በልቤ ግን ሙሾ ልገጥምላት እየሞከርሁ ነበር። ሰው ሚስቱን ዝም ብሎ አይቀብርም፤ እኔም በሌላ ሰው ለቅሶ ላይ ቃል አጥቼ አላውቅም። ስለ አንጓች ግን የሚመጣልኝ ሁሉ ትንሽ ሆነብኝ። ፀሐይ ጠለቀች ልበል? ፀሐይ ነገ ትወጣለች። ዋርካው ወደቀ ልበል? ዋርካ ጨው አትርሳ አይልም። ለልጅቱ ያን ሁሉ ግነት የሰፈርሁ ሰውዬ ለገዛ ሚስቴ የሚበቃ አንድ ቃል አጣሁ። ከመሞቷ ይልቅ እሱ የባሰብኝ ጊዜ ነበረ። ባዶ እጄን ነው ወደ ሬሳዋ የምሄድ አልሁ።

አንድ ዳገት ላይ ስንወጣ የደሴ ስልክ እንደገና ጮኸ። እታገኝ ናት። ከጀርባዋ የብዙ ሰው ጫጫታ ይሰማል። የለቅሶ ጫጫታ ነው አልሁ።

«አባባ፣ እማማ አልሞቱም» አለች።

ስልኩን ወደ ጆሮዬ አጥብቄ ያዝሁ።

«አባባ? ይሰማሉ? አልሞቱም እኮ!»

«እሺ ልጄ» አልኋት። እንዲህ ነው የሚባለው። ልጄ የሞተ ጊዜም መንገድ ላይ ያገኘሁት ሁሉ «አልሞተም፣ ና ብቻ» እያለ ነው ያደረሰኝ። ሰው በመንገድ እንዳይወድቅ ይዋሽለታል። ልጅቱም ትልልቆቹ ያሏትን እያለች መስሎኝ ለእሷ አዘንሁላት። በዚህ ዕድሜዋ መርዶ አስነገሯት አልሁ።

«አላመኑኝም» አለች።

«አምኜሻለሁ።»

«ድምፅዎ አላመነኝም።»

ትንፋሿ ይሰማኛል። የምታስብ መሰለኝ። ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«አባባ፣ እማማ ማንኩሳ መንገድ ዳር ቃሬዛ ላይ ተኝተው እርስዎን መስደብ ጀምረዋል። ስድባቸው ማንኩሳ አልበቃ ብሎት ወደ ቡሬ ገስግሷል። እስካሁን መንገድ ላይ አልተገናኛችሁም ወይ?»

ባለሁበት ቆምሁ።

ስድብ በእግሩ ይሄዳል? አይሄድም። ልጅቱስ እንደማይሄድ አታውቅም? ታውቃለች። ስለዚህ ይህ ግነት ነው። መርዶ ነጋሪ ደግሞ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ሙሾ የሚያጋንነው ለቅሶው ከተቀመጠ በኋላ ነው፤ ገና መርዶው ሳይረዳ በሞተ ሰው ላይ እንዲህ ያለ ነገር የሚያገዝፍ አፍ በጎጃም አልተፈጠረም። እንዲህ የሚባለው ላለ ሰው ነው።

«ምን ብላ ነው የምትሰድበኝ?» አልሁ። ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ ሆነብኝ።

«‘ያ ሽማግሌ ወይፈን ልሸጥ ብሎ ሄዶ እኔን ሸጠኝ’ ነው የሚሉ።»

ይህን ከአንጓች በቀር ማንም አይለውም። ያን ጊዜ አስፋልቱ ላይ ተቀመጥሁ። እስከዚያ ድረስ ያልወጣ እንባ ወጣ። ደሴ መርዶው የጸና መስሎት እሱም አጠገቤ ተቀምጦ ማልቀስ ጀመረ። «አለች እኮ» ብለው ጊዜ «ኧረ ይበሉ» አለና ጭራሽ ባሰበት።

ልጅቱ ግን ገና አልጨረሰችም። «አሁን ሳልጨምር ሳልቀንስ ልንገርዎ አባባ» አለችኝ። «በጣም ነው የታመሙት። ሆዳቸው እንደ እንጨት ደርቋል። የጠጡት ውሃ አይረጋላቸውም። አምቡላንስ ከፍኖተ ሰላም እየመጣ ነው ብለውናል።»

ገና አገኘኋት ስል እንደገና ላጣት ነው። የመጀመሪያው ሐዘን ቢያንስ አንዴ ያለቀ ነገር ነበር። ይሄኛው አላለቀም። ተነሥቼ ሮጥሁ፤ በእኔ ዕድሜ መሮጥ ከተባለ።

በመንደራችን የሆነውን በኋላ ነው የሰማሁ። እዚህ ላይ ልንገራችሁ።

አንጓች እኔ ከወጣሁ በኋላ ወደቀች። ልጅቱ ለመደወል ስትነሣ አንጓች ራሷ «አያትሽን እንዳታስደነግጭብኝ። ትንሽ አሟታል በይው» አለቻት። እኔም ቀንሰሽ አውሪ ብያለሁ። ልጅቱ ሁለታችንንም ታዘዘች። ከጉብታው ወርዳ ጎረቤት ለመጥራት ብትዞር ሰው የለም፤ ሁሉም አዝመራ ላይ ነው። ማሳ ላይ ያገኘቻቸውም «ትንሽ ከሆነ ይቺን ጨርሰን እንመጣለን» አሏት።

ከዚያ የደሴ ስልክ ለዕድሩ ዳኛ ደረሰ። ጥሩምባ ተነፋ። ለታመመች ያልመጣ መንደር ለሞተች በአንድ ጊዜ ወጣ። ጤፉን እንደ ታጨደ ጥለው፣ ወንዱ ቃሬዛና አካፋ ይዞ፣ ሴቱ እየጮኸ ደጃችንን ሞላው። አንጓች ከተኛችበት ቀና ብላ «ማን ሞተ?» አለች። ፊት ፊት ስታለቅስ የመጣችው የደሴ ሚስት ነበረች። በሩ ላይ ደርቃ ቀረች። «አንቺ ነሽ የተባልሽው» አለቻት።

«እኔን ማን ጠየቀኝ?» አለች አንጓች።

አለች ሲባል ሰው አምላኩን አመስግኖ ወደ ጤፉ ሊመለስ ተነሣ። ደመና ነበርና ጤፉ እንዳይበላሽ ፈርተዋል፤ አልፈርድባቸውም። ያን ጊዜ ነው እታገኝ በሩ ላይ የቆመችው። «በእማማ ሆድ ውስጥ እሳት አለ። ያ እሳት ዛሬ ካልጠፋ ከዚህ ወጥቶ የአገሩን ክምር ሁሉ ይበላል፤ ለዘር የሚሆን አይተርፋችሁም» አለቻቸው። ሆድ ውስጥ ያለ እሳት ክምር እንደማይበላ ሁሉም ያውቃል። ግን ልቧን ሰሙት። አካፋቸውን ጣሉ።

አንድ ሽማግሌ ብቻ የሬሳ ቃሬዛ ላይ ነፍስ ያለው ሰው አይተኛም፣ ሟርት ነው ብሎ ተከራከረ። መልስ የሰጠችው አንጓች ናት። «ስሞት የምትሸከሙኝ ከሆነ አሁን ተሸከሙኝ። ያን ጊዜ ውለታችሁን አላይላችሁም።» እሱም አፈረና በግንባር በኩል ያዘ አሉ። እየተፈራረቁ ማንኩሳ አደረሷት።

እኔና ደሴን መንገዱ ላይ እህል የጫነ አይሱዙ አገኘን። ከየት እንደ መጣ እንጃ። ሹፌሩ የማላውቀው ልጅ ነው፤ ፊቴን አይቶ ብቻ ቆመ። ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል በር ላይ አወረደን። ስሙን ሳልጠይቀው ሄደ።

አንጓች ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል ገብታለች። ትርፍ አንጀቷ ፈንድቷል ተባለ። የሰፈሩ ሰው ባዶ ቃሬዛውን ግድግዳ አስደግፎ ደጁ ላይ ተቀምጧል። እታገኝ መጥታ ጋቢዬ ውስጥ ገባች። ልጃችንም ሽርጧን ሳትፈታ ከምግብ ቤቱ መጣች። እኔ ያን ባዶ ቃሬዛ እያየሁ፣ ወይ በዚህ ተመልሰን እንሸከማታለን፣ ወይ ባዶውን ይዘነው እንመለሳለን እያልሁ እቆጥራለሁ። ሌላ አሳብ አልነበረኝም።

ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል አንድ ወጣት ሐኪም ወጣ።

«አባቴ፣ ትንሽ ደክመዋል» አለኝ።

ግድግዳውን ያዝሁ። ሐኪሙም ደነገጠ። «ምን ሆኑ? ደህና ናቸው እኮ» አለ። ደህና ናቸውም ያው ነው። እንዲህም እየተባለ ነው ሰው የሚቀበር።

«ዶክተር፣ አጋንነው ይንገሯቸው» አለችው እታገኝ። «እንዲሁ ከነገሯቸው አያምኑም።»

ሐኪሙ አንዴ እሷን አንዴ እኔን አየ። ምን እንደገባው አላውቅም፤ የገጠር ልጅ ሳይሆን አይቀርም። «እኝህ ሴትዮ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ገና እርስዎንም እኔንም ቀብረው፣ በተዝካራችን ላይ ጠላው ቀጥኗል ብለው ይቆጣሉ።»

አመንሁት።

እንግዲህ ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። አላለቀም። አንጓች አሁንም ፍኖተ ሰላም ልጃችን ቤት ናት። ቁስሉ አንዴ ይደርቃል፣ አንዴ ያመረቅዛል። እንደገና ሊከፍቷት ይችላሉ ተብሏል። እታገኝም እሷን እያየች እዚያው ትማራለች። እኔ ከከብቱ ጋር ብቻዬን ቀርቻለሁ። ሰው ከብት ጥሎ አይሄድም፤ ሚስቱን ግን እንዲህ ጥሎ ይቀመጣል።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጉብታው ላይ እወጣና እታገኝ እስክትደውል እጠብቃለሁ። ስልኩ ሲጮኽ እስከ ዛሬ ቶሎ አላነሣውም። ልጅቱም ታውቃለች። አንድ ቀን «እማማ ዛሬ ሲያስነጥሱ የጅጋ ገበያ ተበተነ» ትለኛለች፤ ሌላ ቀን ሌላ ትለኛለች። ከዚያ እራቴን እበላለሁ። ልቡ እንዲታወቅለት የፈለገ ልቡን ይናገር ብዬ የተከራከርሁት እኔ፣ አሁን ያለ ግነት ወሬ አልሰማም።

ትናንት ግን «ደህና ናቸው» ብቻ አለችኝ።

ድንጋዩ ላይ ተቀመጥሁ። «እታገኝ» አልኋት።

«አቤት አባባ።»

«እንደሱ አትበይኝ።»

እያለቀሰች መሰለኝ፤ ወይም ስልኩ ነው። ከወዲያ የአንጓች ድምፅ ደከም ብሎ ተሰማኝ፤ ምን እንዳለች አልለየሁትም። ከዚያ ልጅቱ አፍንጫዋን ጠረገችና፣

«እማማ ዛሬ አንድ ጉርሻ ጎረሱ» አለች። «በዚያች ጉርሻ የጎጃም እህል አለቀ። ለእርስዎ የተረፈ የለም፤ ሌላ ይዝሩ ብለዋል።»

መጉረሷን አወቅሁ። አንድ ጉርሻ ብቻ መሆኑንም አወቅሁ።

ዛሬ ገና ሳይነጋጋ በሬዎቼን ጠምጄ ለበቆሎው መሬት ወጣሁ። ይህን የምጽፈው ከእርሻ ተመልሼ ነው። ነገም እወጣለሁ። ዝራ ተብያለሁ።